የአላህ ሱንና እንጂ የታሪክ ትንቢት አልተሰጠንም

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዛሬ የማነሳላችሁን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ዳንግላ ከተማ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከአንድ ሽማግሌ አንደበት ነው የሰማሁት። «ታሪክ ሕግ አለው ወይ? ካለውስ ነገ የሚመጣውን ዛሬ ማወቅ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል። ነገር ግን በዚህች አገር ስንት ሰው በዚህ ጥያቄ መልስ ምክንያት እንደሞተ ያሰበ ሰው ነገሩን እንደ ቅንጦት አያየውም።

በየካቲት ወር 2013 ዓ.ም. ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዊ ዞን ተጉዤ ነበር። ቡሬንና ጥሊሊን አልፌ እንጅባራ ገባሁ። ከዚያም አስቀድሜ ወደ ቻግኒ ጎራ አልኩ። በዚያን ወቅት ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ሥፍራ ከመተከል የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተጠልለው ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ ከ100 በላይ ሰዎች የተጨፈጨፉበት ጊዜ ገና ሁለት ወር ቢሞላው ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በሚያዝያ 2011፣ በዚሁ በአዊ ዞን በጃዊ ወረዳ የጉሙዝ ወገኖቻችን ደም ፈስሶ ነበር። የአንዱ ለቅሶ ሳያባራ የሌላው ይጀምራል።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ልቤ ተሰብሮ ነው ዳንግላ አጎቴ ቤት የደረስኩት። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ሶላታችንን ሰግደን ቡና ሲቀርብ፣ ከሳጥናቸው አንድ አሮጌ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። በገጹ ላይ አምስት መስመሮች በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍረዋል፤ ጥንታዊ ጋርዮሽ፣ ባርያ አሳዳሪ፣ ፊውዳል፣ ካፒታሊዝም፣ ኮሙኒዝም። ከአራተኛውና ከአምስተኛው መካከል በትንሹ «ሶሻሊዝም፣ መሸጋገሪያ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህን ለዓመታት አስተምሬያለሁ» አሉኝ። «ነገ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደ ማለት ነበር የምቆጥረው። በልጆቹ ፊት ቆሜ ሃይማኖት በታሪክ ሕግ ይከስማል እያልኩ፣ በዚያው ቀን ግን ረመዳን እጾም ነበር። አላህ ይማረኝ እንጂ ምን እላለሁ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እንዴት አመኑት?» አልኳቸው።

«እንዴት አላምን ልጄ? አባቴ እኮ መሬት አልነበረውም። እስላም በርስት አገር ሸማኔ ወይም ነጋዴ እንጂ ባለ ርስት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ የምንረግጠው አፈር የእኛ ሆነ። ያንን ያደረገልን ማነው ብንል ‹የታሪክ ሕግ ነው› አሉን። እኔም አመንኩ።»

ቀጥለውም ከደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ቁራጭ ጋዜጣ አወጡ። እኔ በ2010 ዓ.ም. የጻፍኩት ጽሑፍ ነበር። በዚያ የለውጥ ወቅት በደስታ ተሞልቼ፣ ከእንግዲህ አገራችን ወደ ግጭት እንደማትመለስ፣ የታሪክ መንኮራኩር ወደ ኋላ እንደማይዞር በድፍረት ጽፌያለሁ። አጎቴ በጣታቸው መስመሩን እያሳዩ፣ «ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። እኔም አስተምሬያታለሁ» አሉ። ሐፍረት ተሰማኝ። ዲግሪ አለኝ ብዬ፣ የካድሬውን መፈክር ሳላውቀው ደግሜው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ግን ከዚህ የባሰ ነበር። «አሁን ምንም ሕግ የለም ባይ ነኝ። የተጻፈው ተጽፏል። ራንች ያሉትን አይተህ መጣህ አይደል? ትናንት ሌላው ሸሸ፣ ዛሬ እነሱ፣ ነገ ደግሞ እኛ። ሰው ምን ያደርጋል? ቀደር ነው።»

ያን ምሽት መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በመጀመሪያ አጎቴ ያስተማሩት ትምህርት ምን ይል እንደነበር በቅንነት እንመልከት። ካርል ማርክስና ተከታዮቹ ያስተማሩት ኅብረተሰብ በአመራረት ስልቱ እየተገፋ፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በማይቀር ሕግ ይሸጋገራል የሚል ነው። ይህ ትምህርት የራሱ እውነት አለው፤ ኢኮኖሚ በሰው ልጅ ሕይወት ላይ ያለውን ኃይል፣ በደልም ሥር እንዳለው አሳይቷል። ስህተቱ መንገዱን እስከ መጨረሻው ጣቢያ አውቀዋለሁ ማለቱ ነው። አብዮቱ በበለጸጉት የኢንዱስትሪ አገሮች ይጀምራል ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የተነሳው ገበሬ በሞላባት ሩሲያ ሆነ። ወደ እኛ ሲመጣማ ካፒታሊዝምን ዘሎ ማለፍ ይቻላል ተብሎ ሕጉ ተለጠፈበት። በጎጃም ደግሞ ገበሬው በአብዛኛው የራሱን ርስት የሚያርስ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርንና የመሬት ልኬትን በመቃወም የንጉሡን መንግሥት ያስጨነቀ ሕዝብ ነበር። በደቡብ የነበረው ጭሰኛና የጎጃሙ ባለ ርስት አንድ ዓይነት አልነበሩም። ደብተሩ ግን ለሁለቱም አንድ መስመር ነበረው።

ፍሬውስ ምን ሆነ? ነገ የሚሆነውን በእርግጠኝነት አውቃለሁ የሚል ሰው፣ በመንገዱ የቆመውን ሁሉ «አድኃሪ»፣ «ፀረ አብዮት» ብሎ መጥራት ይቀልለዋል። በ1969ና በ1970 የቀይ ሽብር ጊዜ ወጣቶች በየመንገዱ ተጥለው ሲያድሩ፣ የገዳዩን ሕሊና ያስተኛው አንዱ ነገር «ታሪክ ፈረደባቸው» የሚለው ቃል ነበር። ታሪክ ግን እጅ የለውም። ጥይት የሚተኩሰው ሰው ነው፤ በቂያማ ቀንም የሚጠየቀው ሰው ነው።

በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ የጎዳቸው ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ፓዌ ተወስደው ሲሰፍሩ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። አጎቴ መኪኖቹ በእንጅባራ በኩል ሲያልፉ አይተዋል። አንድ የዕድገት ደረጃ በትእዛዝ ሊገነባ ታስቦ፣ ሰፋሪው ፈቃዱ አልተጠየቀም፤ በቦታው የኖረው ጉሙዝም አልተጠየቀም። በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ ትልቁ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተቋረጠ፤ ሕዝቡ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በመተከል የፈሰሰውን ደም ሁሉ በዚህ አሳብቤ በሌላ አቅጣጫ «ሕግ» ማውጣት አልሻም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ሐቅ ሳይጠይቁ የሠሩት ሥራ ሠሪው ከሄደ በኋላም ዕዳው ይቀራል።

በመጨረሻ «የማይቀረው» ሳይመጣ ቀረ። በየካቲት 1982 መንግሥት ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አለ። በግንቦት 1983 የሌኒን ሐውልት ከአዲስ አበባ ወረደ። በዓመቱ መጨረሻም፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991፣ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች።

አሸናፊዎቹስ ከዚህ ተማሩ? አልተማሩም። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍራንሲስ ፉኩያማ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር፣ ከምዕራባውያኑ ሥርዓት የተሻለ ስለማይመጣ በአስተሳሰብ ረገድ ታሪክ ወደ ፍጻሜው ደርሶ ይሆናል የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ዓለም ያየችውን ጦርነትና ውድቀት መዘርዘር አያስፈልገኝም። ከዚህ ቀደምም ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. የሮማ ግዛት ተመልሷል ብሎ ሲያውጅ፣ ዳንግላም የጣልያን ጦር ሰፈር ሆና ነበር። ጣልያን ሙስሊሙን ለራሱ ዓላማ ሲያቀርብ፣ መስጊድም ሲሠራ፣ ዘመኑ ረጅም ነው ብሎ የተጠጋው ጥቂት አልነበረም። በየካቲት 1933 ግን ጣልያን ዳንግላን ለቅቆ ወጣ። «ዘላለማዊ» የተባለው ግዛት አምስት ዓመት ነው የቆየው።

ካርል ፖፐር የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ላይ ጠንካራ ክርክር አቅርቧል። መጽሐፉንም መታሰቢያነቱን በታሪክ የማይቀር ሕግ ስም ላለቁት ሰዎች ሰጥቶታል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። የሰው ልጅ ታሪክ በእውቀቱ ይለወጣል። ነገ የምናውቀውን ነገር ዛሬ ልናውቀው አንችልም፤ ካወቅነውማ የዛሬ እውቀት ነው። ስለዚህ የታሪክን ጉዞ አስቀድሞ መተንበይ አይቻልም። ይህን ሳነብ በሉቅማን ምዕራፍ መጨረሻ የተነገረን ትዝ ይለኛል፤ ማንኛዋም ነፍስ ነገ ምን እንደምታገኝ አታውቅም፣ በየትኛው ምድር እንደምትሞትም አታውቅም።

እንግዲህ ይህ ከሆነ አጎቴ ልክ ናቸው ማለት ነው? ምንም ሕግ የለም? ሁሉም ነገር እንደ ነፋስ ነው? አይደለም! ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቁርኣን ስለ ታሪክ ሲናገር «ሱነን» የሚል ቃል ይጠቀማል፤ ልማዶች፣ የተዘረጉ መንገዶች ማለት ነው። በአል-ዒምራን ምዕራፍ ከእናንተ በፊት ብዙ ሱነኖች አልፈዋል፣ በምድር ላይ ሂዱና የአስተባባዮችን መጨረሻ ተመልከቱ ይለናል። ልብ በሉ! ይህ አንቀጽ የወረደው በድል ቀን አይደለም። በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከኡሑድ ሽንፈት በኋላ፣ 70 ያህል ሰሐቦች ሸሂድ ከሆኑ በኋላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) 50 ቀስተኞችን ከኮረብታው እንዳትነቃነቁ ብለው አዘዟቸው። አብዛኞቹ ምርኮ ለመሰብሰብ ብለው ቦታቸውን ለቀቁ። ድሉም ተገለበጠ። ሙእሚኖቹ «ይህ ከየት መጣብን?» ባሉ ጊዜ የተሰጣቸው መልስ ከራሳችሁ ዘንድ ነው የሚል ነበር። በዚያው ምዕራፍ ቀናት በሰዎች መካከል እንደሚዘዋወሩም ተነግሯቸዋል። በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ በላጩ በመካከላቸው እያሉ እንኳ ሱንናው አላለፋቸውም። ታዲያ እኛን ማን ያሳልፈናል?

እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንያዝ። የካድሬው ሕግ «ይህ ይሆናል» ይላል። የቁርኣን ሱንና ደግሞ «ይህን ብታደርጉ ይህ ያገኛችኋል» ይላል። የመጀመሪያው ትንቢት ነው፤ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በአር-ረዕድ ምዕራፍ እንደተነገረን፣ አላህ የሕዝብን ሁኔታ ሕዝቡ በነፍሱ ያለውን እስኪለውጥ ድረስ አይለውጥም። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ዓመተ ምሕረት የለም። ያለው ኃላፊነት ነው። ትንቢትስ በቁርኣን ውስጥ የለም ወይ? አለ። በአር-ሩም ምዕራፍ የተሸነፉት ሩሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚያሸንፉ ተነግሯል፤ እንደተነገረውም ሆነ። ያንን የተናገረው ግን ገይብን የሚያውቀው ጌታ ነው። እኔና አንተ የዚያ ድርሻ የለንም።

ይህንን ወደ አዊ ምድር ወስጄ ላስረዳ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም ላይ የፋግታ ለኮማን ወረዳ ታገኛላችሁ። የዚያ አገር አፈር አሲዳማ ሆኖ፣ ምርቱ እየቀነሰ ገበሬውን አስቸግሮት ነበር። ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር መትከል ሲጀምር ኑሮው ተለወጠ። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ከሰል ተከስሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል፤ መሬቱም አርፎና ለምቶ ደግሞ እህል ይዘራበታል። የሣር ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ባለሙያም ጋዜጠኛም «ከድህነት መውጫው ይህ ነው» እያለ አወደሰ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የዋግ ዓይነት በሽታ ገብቶ ዛፉን ይፈጀው ጀመር። እኔም ባለፍኩበት ጊዜ መንገዱ ዳር ያለው ደን ጠውልጎ፣ ችግኙ ደርቆ አይቻለሁ።

በሽታው በዚያ ዓመት፣ በዚያ መልክ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ነበር? አልነበረም። ነገር ግን አንድ አገር ሙሉ በአንድ ዛፍ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ያ ዛፍ የታመመ ዕለት አብሮ እንደሚታመም ማወቅ ይቻል ነበር። የመጀመሪያው ገይብ ነው። ሁለተኛው ሱንና ነው። ጠቢብ ሰው የመጀመሪያውን አውቃለሁ አይልም፤ ሁለተኛውን አላወቅሁም ብሎም ለመማካኘት አይሞክርም።

ከእኛ ሊቃውንት ይህን በጥልቀት ያጠናው ኢብን ኸልዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ቱኒስ ተወልዶ በ1406 ካይሮ ያረፈው ይህ ዓሊም፣ ወላጆቹን በወረርሽኝ ያጣ፣ መንግሥታት ሲወጡና ሲወርዱ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ፣ መንግሥት በዘመድ አዝማድ ትብብርና በጽናት ተነስቶ፣ በቅንጦት ላልቶ፣ በበደል እንደሚፈርስ አስረድቷል። የአንድን ሥርወ መንግሥት ዕድሜም በሦስት ትውልድ፣ በ120 ዓመት ገምቶታል። በደል ሥልጣኔን ያፈርሳል ያለው በየዘመኑ ሲረጋገጥ እናያለን። ቁጥሩ ግን? ዑስማንያዎች ከ600 ዓመታት በላይ ገዙ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1270 የጀመረው ሥርወ መንግሥት እስከ 1974 ዘልቋል። ከትልቁ ዓሊም እንኳ ሱንናው ሲጸና ሒሳቡ ሳተ። እርሱ ራሱም የመህዲን መምጫ ቀን ቆርጠው የተናገሩ ሰዎች ቀኑ እያለፈባቸው እንዳፈሩ ጽፏል። ዛሬም ጦርነት በተሰማ ቁጥር ቀኑን ለሚቆጥሩልን ወንድሞቻችን ይህ ማስታወሻ ይሁናቸው።

አሁን ወደ አጎቴ የመጨረሻ ቃል ልመለስ። «ቀደር ነው» አሉ። በቀደር ማመን ከኢማን ምሰሶዎች አንዱ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ቀደር ላለፈው መጽናኛ እንጂ ለሚመጣው መተኛ ምክንያት ሆኖ አልተሰጠንም። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን?» ተባሉ። ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነበር የመለሱት። ዩሱፍም (ዐ.ሰ) የሰባቱን ዓመት ረሃብ ባወቁ ጊዜ «ተጽፏል» ብለው አልተቀመጡም፤ ጎተራ አዘጋጁ።

ከሁሉም በላይ የዩኑስን ሕዝቦች እናስታውስ። ቅጣቱ ሊወርድባቸው ቀርቦ ነበር። ባመኑና በተመለሱ ጊዜ ግን አላህ ቅጣቱን አንስቶላቸው እስከ ጊዜያቸው አኖራቸው። ጌታችን የተነገረውን ቅጣት እንኳ በተውበት ካነሳ፣ የመተከልና የአዊ ልጆች እስከ ወዲያኛው መገዳደል አለባቸው ብሎ የፈረደ ማነው? የትኛው የታሪክ ሕግ? «ትናንት እንዲህ ነበርና ነገም እንዲሁ ነው» የሚለው ሰው፣ ሳያውቀው የአጎቴን ደብተር ተገልብጦ እያነበበው ነው። ካድሬው «ድል አይቀርም» ብሎ ኃላፊነትን ጣለ፤ ተስፋ የቆረጠውም «ጥፋት አይቀርም» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ሰውን ከተጠያቂነት ያወጡታል።

የእኛው ታሪክም ይመሰክራል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 100 ሺህ ያህል ሰው ለሙስሊሙ እኩልነት አደባባይ ሲወጣ፣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጥተው ነበር። ያንን ቀን የትኛውም የደረጃ ሠንጠረዥ አልተነበየውም። በ1967 ዒዶቻችንና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ሰዎች በነፍሳቸው ያለውን ፍርሃት ስለለወጡ ነው። አላህም ሁኔታቸውን ለወጠ።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ጋዜጠኛው፣ በመጀመሪያ እኔ፣ «አይቀሬ ነው» የሚለውን ቃል ከብዕሩ ያውጣ። ኢማሙ በሚንበር ላይ የአንድን ወገን በደል ብቻ አይቁጠር፤ የጉሙዙም፣ የአገውም፣ የሺናሻውም፣ የአማራውም እናት ዕንባ አንድ መሆኑን ይናገር። ነጋዴው ዘካውን ሲያወጣ መጠለያ ውስጥ ያለውን ያስታውስ፤ የሚረዳውን ሃይማኖቱን አይጠይቀው። ወጣቱ የሰማውን የበቀል ወሬ ሳያጣራ አያስተላልፍ። ይህ ትንሽ ይመስላል። ኡሑድ ላይም የ50 ቀስተኞች ቦታ ትንሽ ኮረብታ ነበረች።

አጎቴን በቅርቡ በስልክ አግኝቻቸው ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ልጄ፣ እኔም ቀሪ ዕድሜዬ ተጠያቂ ነኝ ማለት ነው» አሉኝ። አዎ ጋሼ፤ እርስዎም፣ እኔም፣ ይህን የሚያነብም ሁሉ።

ጌታችን ሆይ፣ በዳይም ተበዳይም አታድርገን። ያለፈውን አይተው ከሚማሩት፣ የሚመጣውን በመልካም ሥራ ከሚጠብቁት አድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።